አባባ ኳ ኳ ሲያደርግ

ሰኔ 4 ቀን፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ
ከሱቄ

እህት ዓለም፣ የኔ እሳት፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ ደህና ነኝ። አባባም ደህና ነው፤ ጉልበቱ ብቻ ደረጃ ባየ ቁጥር ያኮርፋል። “ደህና ነኝ፣ አልመጣም፣ ሁሉንም እጽፍልሻለሁ” ብዬ በላኩልሽ አጭር መልእክት ምን ያህል እንደተናደድሽ ከመልስሽ አይቻለሁ፤ የቃለ አጋኖው ብዛት ስልኬን ሊያፈነዳው ነበር። እውነትሽን ነው። ሰው ክፍል ቀለም ቀብቶ፣ አልጋ ዘርግቶ፣ “ተሳፍሬያለሁ” የሚል ቃል ሲጠብቅ “አልመጣም” ቢሉት ምን ይበል? እኔ ብሆን ከዚህ የባሰ እሰድብ ነበር።

እንግዲህ ዋናውን ላስቀድምልሽ፣ ዝርዝሩ እየቆየ ይደርሳል። አባባ ያውቃል። ስለ እኔ፣ ላንቺ ብቻ የነገርኩሽን ያውቃል። አልጮኸም፣ አላባረረኝም፣ ዘይት ይዘው የሚጸልዩልኝ ሰዎችም አልጠራብኝም። ሻንጣዬን ፈትቼ ሸሚዞቼን ወደ ቁም ሳጥኑ መልሻለሁ። ሻንጣዋ አሁን እዚህ ሱቅ ውስጥ የተበላሹ ሬዲዮኖች መያዣ ሆናለች፤ ይኸው ይህን ስጽፍልሽ እግሬን ጭኜባታለሁ።

አሁን ቁጭ በይና ከሥሩ ልንገርሽ። በስልክ ያልነገርኩሽ ሆን ብዬ ነው። አንቺ ታቋርጪኛለሽ፣ እኔ አለቅሳለሁ፣ ነገሩ መሀል መንገድ ላይ ይቀራል። ወረቀት ላይ ግን ብትፈልጊም አታቋርጪኝም።

የመዘምራኑን እናት ታስታውሻቸዋለሽ፤ ያላገባ ሰው ሲያዩ እንቅልፍ የማይወስዳቸው። እኔን ሲያዩማ ስንት ዓመት ሙሉ ሳይተኙ ኖረዋል። በመጨረሻ የእህታቸውን ልጅ አገኙልኝ። “ልጅቷ ጨዋ፣ ልጁ ጨዋ፣ አባቱ ሰባኪ፣ እኔ አክስት፤ ታዲያ ምን ቀረ?” ብለው ሽማግሌዎቹ ፊት ቆሙ። ሽማግሌዎቹም ምንም የቀረ ነገር አልታያቸውም። የጸሎት ቤቱን የድምፅ ማሽን የሚይዝ ሰው፣ ያውም የሰባኪው ልጅ፣ በዚህ ዕድሜው ሳያገባ መቅረቱ ለወጣቶቹ ጥሩ ምሳሌ አይደለም ተባለ። አባባ እጮኝነቱን ከመድረክ ላይ እንዲያበስር ቀን ቆረጡለት።

ይህንን አባባ የነገረኝ እራት ላይ ነው፤ ዓይኑን ከሳህኑ ሳያነሳ።

“ሽማግሌዎቹ ስላንተ አንድ ነገር አስበዋል” አለኝ፤ ያሰቡትንም ነገረኝ። “አንተ ምን ትላለህ?”

“እናንተ እንዳላችሁ” አልኩት። ሁለታችንም የበላነው ምን እንደሆነ ብትጠይቂን አናውቀውም። በማግስቱ ነው እዚሁ ሱቅ ሆኜ የደወልኩልሽ፤ አንቺም “ነገ ዛሬ ሳትል ና፣ ክፍል አለልህ” ያልሽኝ።

ያኔ የጠየቅሽኝን ደግሞ ልመልስልሽ፤ በስልክ እየተነፋረቅኩ አልመለስኩልሽምና። “ከእነዚህ ሰዎች ጋር ምን ያቆይሃል? እግዜሩንም ለነሱ ትተህላቸው ና” ነበር ያልሽው። እህት ዓለም፣ ትቼ የምመጣው ነገር ቢሆን ኖሮ ያኔ አንቺ ስትሄጂ አብሬሽ እሄድ ነበር። እኔ እሱን ያገኘሁት እዚያው አግዳሚዎቹ ሥር ነው። እማዬ ስትጸልይ ቀሚሷን ይዤ ወለሉ ላይ እቀመጥ የነበረ ጊዜ፣ ከላዬ ያ ሁሉ ሕዝብ ሲዘምር፣ እንጨቱ ሲንቀጠቀጥ፣ አንድ የሚወደኝ አካል እዚያ እንዳለ ማንም ሳይነግረኝ ገብቶኛል። በኋላ ሌላው ነገር ሲገባኝ፣ ልጆቹ ስለ ሴቶች ሲያወሩ እኔ የማወራው ሲጠፋኝ፣ ያው የሚወደኝ ዘንድ ሄጄ “አስተካክለኝ” አልኩት። ስንት ዓመት አልኩት። ጾሜ ወድቄ አውቃለሁ፤ እማዬ የሆድ በሽታ መስሏት ሐኪም ቤት የወሰደችኝን አንቺም ታስታውሻለሽ።

ከዚያ አንድ ቀን ጸሎቴን ጨርሼ ከተነሳሁ በኋላ ያንን ልመና መርሳቴ ትዝ አለኝ። አመሰግኜ፣ ስለ አባባ ጉልበት ለምኜ፣ ስላንቺ ለምኜ፣ “አስተካክለኝ” የሚለውን ረስቼው አሜን ብያለሁ። ደንግጬ ልደግመው ተንበረከክኩ፤ ግን ምንም አልጎደለም። እዚያው ነበር። እንደ ልጅነቴ። ከዚያ ወዲህ አልለመንኩትም። ይህንን ለሰው ብነግር በየትኛው መጽሐፍ ተጽፎ አገኘኸው ይሉኛል፤ እኔ የምልሽ ግን የሆነውን ነው።

ግን ከሱ ጋር ሰላም መሆን አንድ ነገር፣ ከሽማግሌዎቹ ጋር ሰላም መሆን ሌላ ነገር ነው። አንድ ጊዜ ከሌላ ከተማ የመጣ እንግዳ ሰባኪ እኔን የመሰሉ ሰዎችን ከመድረክ ሲረግም፣ ማሽኑን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ላጠፋው እችል ነበር። ያደረግኩት ምን መሰለሽ? ድምፁ ጆሮ እንዳይወጋ ቀጭኑን ቃና ቀነስኩለት። እኔን ሲረግመኝ አሳመርኩለት! ለመነጽር ሰሪው፣ ለዚያ ለልቤ ሰው፣ ይህን ስነግረው ሆዱን ይዞ ሳቀ፣ ከዚያ አለቀሰ። እሱ እንደሆነ እንደነገርኩሽ ነው፤ ዛሬም በየሳምንቱ ከማሽኔ ፊት ያለው የመጨረሻ አግዳሚ ላይ ይቀመጣል፣ ዛሬም ከዜማው ወጥቶ፣ ያውም ጮክ ብሎ ይዘምራል። ፊቱ ሲታይ ግን ማንም “ዝም በል” ሊለው አይጨክንም።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ሐሳቤ ይህ ነበር። እሁድ አባባ የእጮኝነቱን ማስታወቂያ ሲናገር አንገቴን ደፍቼ እሰማለሁ፣ ሰው እንኳን ደስ አለህ ይለኛል፣ አዳራሹ ባዶ ሲሆን ገመዶቼን ጠቅልዬ ማሽኑን አልብሼ እሄዳለሁ። አትሳቂብኝ፤ ማሽኑን ተዝረክርኮ ትቼ መሄድ አልሆነልኝም። ሻንጣዬን በጠዋት አስገብቼ ከማሽኑ ጠረጴዛ ሥር ደበቅኩት፤ እማዬ ለማሽኑ በሰፋችው ሰማያዊ ልብስም ሸፈንኩት።

አሁን የአባባን ልማድ ላስታውስሽ፣ ምክንያቱም ሁሉ ነገር የመጣው በሱ ነው። አንቺ ከሄድሽ በኋላ አባባ ደረቱ ላይ የሚሰካ ገመድ አልባ ማይክ ገዝተንለታል። ሰውዬሽ ግን አንዴ ካጠፋው መልሶ የሚበራለት አይመስለውም። ስለዚህ ጠዋት ኮቱ ላይ ሰክቼለት ካበራሁት ቤት እስኪገባ አይነካውም፤ ለሕዝቡ የምከፍትና የምዘጋው እኔ ነኝ፣ ከማሽኔ ላይ። ከስብከቱ በፊት ከመድረኩ ኋላ ያለችው ትንሽ ክፍል ገብቶ ብቻውን ይጸልያል። እዚያ ሲገባ የባትሪው ድንጋይ እንዳላለቀ ለማወቅ በጣቱ ማይኩን ኳ ኳ ያደርጋል፤ ሁልጊዜ ሁለቴ። ያኔ ድምፁ ለአዳራሹ ዝግ ነው፤ እኔ ብቻ በጆሮ ማዳመጫዬ እሰማዋለሁ። እኔም ከማሽኔ ሆኜ ቁልፍ ስጫን እዚያ ክፍል በር አናት ላይ የሰቀልኳት ትንሽ አምፖል ትበራለታለች። “ይሰማል” ማለት ነው። ከዚያ ማዳመጫዬን አወልቃለሁ። የሰው ጸሎት አልሰማም፤ ይህ የራሴ ሕግ ነው፣ ሰብሬውም አላውቅ።

ያን እሁድም አባባ ክፍሉ ገባ፣ ኳ ኳ አደረገ፣ እኔም አምፖሏን አበራሁለት፤ እጄ በልማድ የሚሠራው ሥራ ነው። ማዳመጫዬን ላወልቅ ስል የሆነ መንጫጫት ሰማሁ፤ ገመዴ ነው ወይስ የሱ ማይክ ብዬ እየነካካሁ ሳለ አባባ ጀመረ።

“ጌታ ሆይ፣ ዛሬ የመጣሁት ስለ ሕዝቡ አይደለም። ስለ ልጄ ነው። ስለ ጆሮ።”

ታውቂያለሽ፣ ይህን የቅጽል ስም ያወጣሽልኝ አንቺ ነሽ፤ አባባ በጸሎት ሲጠራው ግን ሰምቼ አላውቅም። ማውለቅ ነበረብኝ። አላወለቅኩም። ያለውን አንድ በአንድ እጽፍልሻለሁ፤ ደግሜ ደግሜ በልቤ ስለው ስለከረምኩ ቃል አይጎድልም።

“ሽማግሌዎቹ ሚስት አገኘንለት ብለው ማስታወቂያ አስይዘውኛል። እኔ ግን ልጄን አውቀዋለሁ። እሱ ራሱን ሳያውቅ ጀምሮ አውቀዋለሁ። አንተም ታውቀዋለህ፣ የሠራኸው አንተ ነህ። እንድትለውጠው ስንት ለመንኩህ! ዝም አልከኝ። ዝም ስትለኝ ተናደድኩና እሱን የመሰሉትን የሚረግም ስብከት ሰበክኩ። ልጄ ማሽኑ ጋ ቆሞ እየሰማኝ ነበር። ፊቱን አየሁት። ከዚያ ወዲህ በዚያ ነገር አፌን አልከፈትኩም፤ ግን ይቅርታም አልጠየቅኩትም። ፈሪ ነኝ። አንተ ታውቃለህ። ሴት ልጄን በዚሁ አፌ አባረርኳት፤ የምትቀመጥበትን ቦታ በየሳምንቱ አየዋለሁ። አሁን ደግሞ ሻንጣው ከጠረጴዛው ሥር ነው። ጌታ ሆይ፣ ይህኛውን አታስወስድብኝ። አንተን የሚወድ ልጅ ነው፤ ከኔ ይልቅ ይወድሃል። አንተ ካላባረርከው እኔ ማን ነኝ? ማስታወቂያውን አልናገርም። እንዲያምነኝ አድርግልኝ። አሜን።”

እሳቷ፣ ግንባሬን ማሽኑ ላይ ደፋሁት። የሆነ ነገር ከላዬ ወረደ፤ እንዲህ ነበር ብዬ ልገልጽልሽ አልችልም፣ ብቻ ትከሻዬ ቀለለኝ። መነጽር ሰሪው ከአግዳሚው ዞሮ በዓይኑ “ምን ሆንክ?” አለኝ። ልመልስለት ስል ፒያኖው ተጀመረ፤ እኔ ሆዬ በእንባዬ ብዛት የሌላ ማይክ ቁልፍ ከፈትኩና አዳራሹ በሙሉ በፉጨት ተሞላ። አንዲት ባልቴት ጆሯቸውን ይዘው “በስመ አብ!” አሉ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ሥራዬን አበላሽቼ አላውቅም።

አባባ ሰበከ። ምን እንደሰበከ አትጠይቂኝ። መጨረሻ ላይ የማስታወቂያው ሰዓት ሲደርስ የመዘምራኑ እናት ከፊት ወንበር ላይ ሻርፓቸውን አስተካክለው ተዘጋጁ። ከጎናቸው የእህታቸው ልጅ ዓይኗን ጫማዋ ላይ ተክላለች። አባባ ወረቀቶቹን ሰበሰበና እንዲህ አለ፤

“ዛሬ አንድ ትልቅ ማስታወቂያ አለ ተብላችሁ ሰምታችኋል። የለም። ጣሪያው ግን ያፈሳል፤ መሰላል ያለው ሰው በኋላ ያነጋግረኝ።”

ይኸው ነው። ወረደ። የመዘምራኑ እናት ሻርፕ ከትከሻቸው ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ወደቀ፣ እሳቸው ግን አላዩትም። ሕዝቡ ተነስቶ ሲወጣ ልጅቷ ወደ እኔ ስትሮጥ መጣች። ልትሰድበኝ ነው ብዬ ወንበሬን ሳብኩ። እሷ እጄን በሁለት እጇ ይዛ፣ “ወንድሜ፣ አንተ ነህ ያስቀረኸው? እድሜ ይስጥህ! እኔ እኮ ነርስነት ልማር ተመዝግቤያለሁ፤ እሺ ያልኩት አክስቴን ፈርቼ ነው” አለችኝ። ሁለታችንም ለካ አንድ ሰው ፈርተን ልንጋባ ነበር። አጨባበጧ ግን የነርስ አይደለም፤ እጄን እስከ ማግስቱ አሞኛል።

ከዚያ አዳራሹ ባዶ ሆነ። መነጽር ሰሪው ሊጠብቀኝ ፈልጎ ነበር፤ በእጄ “ሂድ፣ ደህና ነኝ” አልኩት። መድረኩ ላይ ተንበርክኬ ገመድ መጠቅለል ጀመርኩ። አባባ መጣ። መቼም እድሜ ልኩን ገመድ ነክቶ የማያውቅ ሰው፣ የመድረኩ ጠርዝ ላይ ተቀመጠና አንዱን አንስቶ ከመዳፉ እስከ ክርኑ እየዞረ ይጠቀልለው ጀመር። ሌላ ሰው ገመዴን እንደዚያ ቢያደርግ እጮህበት ነበር።

“አባባ፣ እንደሱ አይደለም” አልኩት።

“ታዲያ እንዴት ነው?”

“አንዴ ከላይ፣ አንዴ ከታች እያልክ ነው የምትጠቀልለው። አለበለዚያ ውስጡ ይጠማዘዛል፣ አንድ ቀን ድምፅ ይቋረጣል።”

ሞከረ። አልሆነለትም። እንደገና ሞከረ። እኔም ሳላስበው፣ “ሻንጣውን አይተኸዋል” አልኩት።

“የእናትህን ጨርቅ አልብሰህ እኔ እንዳላይ ነው? ያን ጨርቅ ስትሰፋ ክሩን መርፌው ውስጥ የማስገባላት እኔ ነበርኩ።” ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “ሰማህ እንዴ?” አለ።

“ሰማሁ።”

“የቱን?”

“እስከ አሜን።”

ገመዱን አየ። “እንግዲያው ደግመህ በል አትበለኝ። ፊት ለፊት አልችልበትም።”

“አባባ፣ ማይኩ ክፍት መሆኑን ታውቅ ነበር?”

“እኔ ስለ ማሽን ምን አውቃለሁ?” አለና ገመዱን መልሶ ክርኑ ላይ ጠመጠመው።

ከዚያ የተናገረው ይህን ነው። “እውነቱን ልንገርህ ልጄ፣ አልገባኝም። የተማርኩት አለ፣ ስሰብከው የኖርኩት አለ፣ አንተ አለህ። አንድ ላይ ማስቀመጡ እስካሁን አቅቶኛል። ምናልባት እስክሞትም ያቅተኝ ይሆናል። ግን አንዱን አውጣ ብባል አንተን አላወጣም። ለዚያ ስብከት ይቅር በለኝ።”

ይቅር ብዬሃለሁ አልኩት። እውነቴን ነው፤ ከአፌ ሲወጣ ከልቤም ወጣ። ከዚያ እንደ ልማዴ መፍራት ጀመርኩ።

“ሽማግሌዎቹስ?”

“እነሱ የራሳቸውን ልጆች ያጋቡ!”

“ካወቁስ?”

ጉልበቱን እያሻሸ ቆይቶ፣ “ያን ቀን ማሽኑንም መድረኩንም ይውሰዱት። ሁለታችን ከኋላ እንቀመጣለን። ከኋላ ሲሰሙት ምን እንደሚመስል እኔም ልየው እስቲ” አለ።

ልብ በይ፣ ምንም አይመጣም አላለኝም። ሊመጣ ይችላል። የመዘምራኑ እናት አሁንም ሰላም የሚሉኝ በግማሽ አፋቸው ነው፣ ከሽማግሌዎቹም አንዱ አባባን ለብቻ ጠርቶ አነጋግሮታል። አንድ ቀን ከዚያ ማሽን ያነሱኝ ይሆናል። ግን ብቻዬን አይደለም የሚያነሱኝ። ለካ የሚያስፈራኝ መነሳቱ ሳይሆን ብቻዬን መሆኔ ኖሯል።

ልንወጣ ስንል አባባ በሩ ላይ ቆም አለ። “ያ መነጽር ሰሪ” አለ፣ ወደ ውጭ እያየ።

ፈጥኜ ዞርኩ። “ምን ሆነ?”

“ጥሩ ልጅ ነው። መነጽሬን ሲያስተካክልልኝ አይቸኩልም። ሰው አክባሪ ነው።” ኮፍያውን አደረገ። “ማይክ ግን እንዳትሰጠው።”

ኧረ እሳቷ፣ እንዴት እንደሳቅን! ጥበቃው ምን ተፈጠረ ብሎ ሮጦ መጣ። እኔ ሳቄ ወደ ለቅሶ ሲሄድብኝ አባባ ያን ትልቅ መሀረቡን አውጥቶ ሰጠኝ፤ ሻንጣዬንም፣ ጉልበቱ እያመመው፣ እኔ ልያዘው ብለውም እምቢ ብሎ ራሱ ተሸክሞት ቤት ገባ።

አምፖሏ ትዝ ያለችኝ በማግስቱ ነው፣ እዚህ ሱቅ የሰው ሬዲዮ ፈትቼ ተቀምጬ። እኔ እኮ አብርቼለት ነበር! ኳ ኳ ብሎ ጠይቆኝ፣ “ይሰማል” ብዬ መልሼለት፣ ከዚያ ነው አፉን የከፈተው። ግን ደግሞ የአባባን ነገር ታውቂዋለሽ፤ የሻይ ማንቆርቆሪያ ባዶውን ጥዶ የሚረሳ ሰው ነው። ረስቶት ይሆናል ብዬ ተውኩት።

ባለፈው እሁድ ግን ስሚ። እንደ ልማዱ ክፍሉ ገባ። ኳ ኳ አደረገ። አምፖሏን አበራሁ። ማዳመጫዬን ላወልቅ ስል ድምፁ መጣ፤

“ጆሮ፣ ዛሬ ቁርስ ሳትበላ ነው የወጣኸው። በኮቴ ኪስ ዳቦ ይዤልሃለሁ፣ ስትጨርስ ና።” ትንሽ ጠበቀ። አምፖሏን ድጋሚ አበራሁለት። “በል አሁን አውልቀው፣ ልጸልይ ነው” አለኝ።

ስለ ማሽን ምንም አያውቅም እኮ ሰውዬው!

እንግዲህ የኔ ወሬ ይኸው ነው። አሁን ወዳንቺ ልምጣ፣ እና እንዳትቆጪ። ያን ቀን ዳቦዬን እየበላሁ አብረን ወደ ቤት ስንሄድ አባባ፣ “ያ ሽቦህ እሳቷ ያለችበት ድረስ አይደርስም?” አለኝ። እሳቷ አለ፤ ስምሽን ስንት ዘመን ከአፉ አልሰማሁትም። ሽቦው አይደርስም፣ ስልክ ግን ይደርሳል አልኩት። “ስልክ ላይ ምን እላለሁ?” አለ። “ለሺህ ሰው ስናገር አላፍርም። ለአንድ ሰው መናገር ነው የሚያቅተኝ።” መንገዱን ሙሉ ሲያስብ ሄዶ፣ በሩን ስከፍት፣ “መጀመሪያ አንተ ጻፍላት። ደረሰኝ ካለችህ እኔ እደውላለሁ” አለ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ማታ “ጻፍክላት?” ይለኛል። ይኸው ጻፍኩ።

አንቺን ያባረረሽን ስብከት እንደማትረሺው አውቃለሁ። ስምሽን ሳይጠራ ስለማይታዘዙ ልጆች ሲናገር፣ ሰዉ ሁሉ ዞሮ ሲያይሽ፣ አንቺም ተነስተሽ በመሀል መተላለፊያው ቀጥ ብለሽ ስትወጪ። እኔ ያኔ ገመድ ጎታች ነበርኩ፤ የጫማሽ ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ይቅር በይው አልልሽም፤ እሱ ያንቺ ነው። ወደ ጸሎት ቤት ተመለሺም አልልሽም። አግዳሚው ላይ ያ ቦታሽ ግን እስካሁን ማንም አይቀመጥበትም። እንግዳ ሰው ሊቀመጥ ሲል አባባ ከመድረክ ላይ በእጁ ወደ ሌላ ቦታ ያሳየዋል። እኔ እስከዛሬ ለሥርዓት መስሎኝ ነበር።

ክፍሉን እንዳታከራዪው። አንድ ቀን እንግዳ ሆኜ እመጣለሁ፤ ብቻዬንም ላልመጣ እችላለሁ፣ ትራስ ጨምሪ። ቀለሙ ምን ዓይነት ነው? አረንጓዴ ከሆነ ከወዲሁ ንገሪኝ።

እጅሽ የነካው ሁሉ ይቃናልሽ። በሄድሽበት ሰው አይጥፋብሽ። እማዬ ትመርቅሽ እንደነበረው፣ በር ሁሉ ከውስጥ ይከፈትልሽ። ብታምኚበትም ባታምኚበትም ስምሽን በየዕለቱ እጠራዋለሁ፤ ይህን አትከልክይኝ።

አንድ ነገር ብቻ። ደረሰኝ ብለሽ እንደላክሽልኝ በማግስቱ ስልክሽ ይጠራል። ስታነሺው መጀመሪያ ድምፅ አትሰሚም። ተሳስቶ ነው ብለሽ እንዳትዘጊው፣ ተናደሽም እንዳትዘጊው፤ ትንሽ ታገሺው። ከዚያ በጣቱ ስልኩን ሁለቴ ኳ ኳ ያደርጋል። አንቺ አምፖል የለሽም። “ይሰማል፣ አባባ” በይው።

ወንድምሽ
ጆሮ